ክብደት ስትቀንሱ ቺት ዴይ ይፈቀዳል? ሙሉ ቀኑን ወደ አንድ ገበታ የማውረድ ዝርዝር መመሪያ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተጠንቅቆ በልቶ እሁድ ሁሉንም የሚያፈርስ ሰው ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ጨምሯል። ከዚያ ወይ ራሱን በረሃብ ይቀጣል፣ ወይ «የኔ ነገር አይሆንም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይሄ የፍላጎት ማነስ አይደለም። «በሳምንት አንድ ቀን ያሻህን ብላ» የሚለውን፣ ቺት ዴይ የሚሉትን ምክር ሁሉም ይሰጣል፤ እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሙሉ ቀን አትፍቀዱ። አንድ ገበታ ፍቀዱ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ቀድማችሁ የመረጣችሁት፣ ከሰው ጋር የምትበሉት አንድ ገበታ። ከዚህ በታች «ነጻ ገበታ» እለዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ለእናንተ ይሆናል?

ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከሚከተሉት አንዱ ከሆናችሁ ቆም በሉ።

- የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። ቀኑን ጾሞ ውሎ ማታ ብዙ መብላት ስኳርን መጀመሪያ አውርዶ ቀጥሎ ይሰቅለዋል።
- የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ችግሩ ካሎሪ ብቻ አይደለም። ጨውም አለ። እንዲሁ ሐኪም ጠይቁ።
- ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ፣ የክብደት መቀነሱ ሐሳብ ራሱ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያለበት ነው።
- አንዴ መብላት ከጀመራችሁ ማቆም የሚያቅታችሁ፣ ተደብቃችሁ የምትበሉ፣ ከበላችሁ በኋላ ለማስመለስ የምትሞክሩ ከሆናችሁ ነጻ ገበታ አይጠቅማችሁም። ይሄ ሕክምና ያለው ችግር ነው። የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሩ።

አመጋገባችሁን ካስተካከላችሁ ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላችሁም ጠብቁ። አዲሱ ልማድ ሥር ሳይሰድ መልቀቅ ከባድ ነው። ሦስትና አራት ሳምንት ከሄዳችሁ በኋላ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ሂሳቡን በወረቀት ላይ ሥሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። በየቀኑ ከሚያስፈልጋችሁ 500 ካሎሪ ቀንሳችሁ ብትበሉ በስድስት ቀን 3,000 ካሎሪ ትቆጥባላችሁ። ሰባተኛው ቀን ላይ ምን ይሆናል?

አንድ ነጻ ገበታ ብቻ ኖሯችሁ ቀኑ ከሚያስፈልጋችሁ በ800 ቢያልፍ 2,200 ይቀርላችኋል። ይህ ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ስብ ነው። ጥሩ ሳምንት ነው። ቀኑን ሙሉ ለቅቃችሁ በ2,500 ብታልፉ ግን የሚቀራችሁ 500 ብቻ ነው፤ 70 ግራም እንኳን አይሞላም። ስድስት ቀን ለዚህ ለፋችሁ ማለት ነው።

«2,500 ማን ይበላል?» እንዳትሉ። አንድ የእሁድ ውሎ እንውሰድ፤ ተጨማሪውን ብቻ እንቁጠር። ጠዋት ጨጨብሳው ላይ፣ ቀን ጥብሱ ላይ በድምሩ አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ገባ፤ ይህ ብቻ 480 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሦስት ጠርሙስ ቢራ ተጠጣ፤ በጠርሙስ 140 ብንል 420 ነው። ሁለት ለስላሳ ተጨመረ፤ 250 ገደማ። እስካሁን 1,150 ደርሰናል። እንጀራውን አልቆጠርንም። ሥጋውን አልቆጠርንም። ማታ ልጆቹ ያዘዙት ፒዛና ኬክም ገና ነው።

የምትወዱትን ምግብ ለመገመት እነዚህን ቁጥሮች ያዙ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አልኮል 7፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ ውፍረቱ ይለያያል፤ ከ300 በላይ አድርጋችሁ ያዙት። አሜሪካ ያላችሁ ቀላል ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ካሎሪውን ሜኑ ላይ እንዲጽፉ ግዴታ አለባቸው። ከማዘዛችሁ በፊት አንብቡት።

አንድ ነገር እዚሁ ፈትሹ። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በሳምንት ከ1,300 ካሎሪ በላይ ከስኳር ብቻ ያገኛል። ይህ ሰው ነጻ ገበታ ከመጨመሩ በፊት ስኳሩን ይቀንስ። እሱ ሳያውቀው በየቀኑ ቺት እያደረገ ነው።

ደረጃ 2፦ ካሌንደር አውጡና ገበታውን ምረጡ

ነጻ ገበታ «ዛሬ ደከመኝ፣ ይገባኛል» ተብሎ አይመጣም። ቀን ይቆረጥለታል።

1. የመጪውን ወር ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ዓመት በዓል በሙሉ ጻፉ።
2. በሳምንት ከአንድ አይለፍ። በአንድ ሳምንት ሁለት ግብዣ ካለ አንዱን ነጻ አድርጉ፤ ሌላው ላይ ተገኙና እንደ ሌላው ቀን ብሉ።
3. ግብዣ የሌለበት ሳምንት ካለ ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ የምትሰጡትን ምሳ ምረጡ። ብቻችሁን ስልክ እያያችሁ የምትበሉትን አትምረጡ። ብቻ ሲበላ ማቆሚያው ይጠፋል።
4. ከእራት ይልቅ ምሳ ይሻላል። ከምሳ በኋላ የእግር መንገድ አለ፣ ሥራ አለ። እራት ከሆነ መጠጡ ይረዝማል፣ እንቅልፉም ይበላሻል።

ለሚጾሙ ሰዎች፦ ረቡዕና ዓርብ መጾማችሁ ብቻውን አያከሳም። በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ ፓስታና ሳምቡሳ ከፍስክ ምግብ የሚበልጥ ካሎሪ ሊይዙ ይችላሉ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እያንዳንዱን የፍስክ ቀን ነጻ ቀን አታድርጉት። በተለይ ከ55 ቀን ዐቢይ ጾም በኋላ ያለውን ጊዜ ልብ በሉ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በጾሙ ቀን ታግዘው ክብደታቸውን ይዘው የቆዩ ሰዎች እዚህ ላይ ይንሸራተታሉ። የፋሲካ ዕለት ነጻ ገበታችሁ ይሁን። ማግስቱ አይሁን። በረመዳንም ያው ነው፤ ሠላሳውንም ቀን ማፍጠሪያ ነጻ ገበታ ካደረጋችሁት ክብደት ትጨምራላችሁ። በሳምንት አንዱን ምረጡ፣ ዒዱንም ለብቻው ያዙት።

ደረጃ 3፦ ምን እንደምትበሉ ከአንድ ቀን በፊት ወስኑ

ሁሉንም አትፍቀዱ። በጣም የናፈቃችሁን ፍቀዱ። ሕጉ ይህ ነው፦ አንድ ዋና ምግብ፣ ከዚያ ወይ መጠጥ ወይ ጣፋጭ። ሁለቱም አይደለም።

ክትፎ ከሆነ የናፈቃችሁ፣ ክትፎ ብሉ፤ ከቆጮውና ከአይቡ ጋር፣ እንደ ደንቡ። በርገሩን፣ ኬኩንና ስፕሪሱን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ሳትናፍቁት «ቀኑ ስለሆነ» ብቻ የምትበሉት ምግብ ነው ሂሳቡን የሚያበላሸው።

መጠጥ ከመረጣችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ሁለት ቢራ ከሆነ ሁለት። አልኮል ካሎሪው ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ከሦስተኛው በኋላ «አንድ ዱለት ጨምር» የሚለው ሰው ሌላ ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ጠዋት አትራቡ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ማታ ስለምበላ ቀን ልጹም» ይላል። ሰባት ሰዓት ሆኖ ይርበዋል፣ አሥር ሰዓት ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገበታው ሲቀርብ ምግቡን አያጣጥመውም፤ ይውጠዋል። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የተራበ ሰው በ20 ደቂቃ የሁለት ሰው ምግብ ይጨርሳል።

ስለዚህ፦

- ቁርስ ብሉ። እንቁላል፣ ዘይት ያልበዛበት ፉል፣ ወይም እርጎ። ፕሮቲን ያለበት ቁርስ ረሃብን ያቆያል።
- ነጻ ገበታው እራት ከሆነ ምሳ ቀለል ያለ ይሁን፤ ግን ይኑር። ምስር ወጥ ከጎመንና ከግማሽ እንጀራ ጋር ይበቃል።
- ከመሄዳችሁ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ፍሬ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ያዙ። ውሃ ጠጡ።

ከወትሮው ትንሽ መቀነስ ትችላላችሁ። 200 ካሎሪ ያህል። ከዚያ በላይ አትቆጥቡ።

ደረጃ 5፦ ገበታው ላይ

የእኛ ገበታ አስቸጋሪ የሚሆነው በጋራ ስለሚበላ ነው። ምን ያህል እንደበላችሁ የሚያሳይ የራሳችሁ ሳህን የለም። እንጀራ ይጨመራል፣ ወጥ ይጨመራል፣ ትሪው አይጎድልም። ስለዚህ መለኪያውን ራሳችሁ አበጁ።

1. ስትቀመጡ በፊታችሁ ያለውን የእንጀራ ክፍል በዓይናችሁ ከልሉ። የእናንተ ድርሻ ያ ነው። ወጡን ከዚያው ብሉ፣ እጃችሁን ወደ መሐል አትስደዱ።
2. ከአትክልቱና ከአይቡ ጀምሩ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ አይብ። ከዚያ ሥጋው። እንጀራው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በተለይ ወጥ የጠጣው የታችኛው እንጀራ። ቅቤውና ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።
3. ጉርሻ ተቀበሉ። እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ ደስ የሚል ነገርም ነው። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ሲመጣ እሱንም ተቀበሉ። ከዚያ አጉራሾች እናንተ ሁኑ። ሌላውን የሚያጎርስ እጅ ወደ ራሱ አፍ ብዙ አይሄድም።
4. መሐል ላይ እጃችሁን አሳርፉና አውሩ። አምስት ደቂቃ። አሁንም ከራባችሁ ቀጥሉ።
5. ሲበቃችሁ ተነሡና እጃችሁን ታጠቡ። ይህ ቁርጥ ያለ ማቆሚያ ነው። የታጠበ እጅ ወደ ትሪው ሲመለስ ሰውም ያየዋል፣ ራሳችሁም ታውቁታላችሁ።

የጋበዘቻችሁ ሴት «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ስትል ምን ይባላል? «ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ። ክርክር ይከፍታል፤ «አንተ ምን አለህና ትቀንሳለህ» ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ አስተያየት ይሰጣል። ምግቧን አመስግኑ፣ መጥገባችሁን ተናገሩ፣ ሌላ ነገር ጠይቁ። «እማማ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ዶሮው ልዩ ነው። ጠግቤያለሁ። ቡናውን ግን ሳልጠጣ አልሄድም።» ቡና የጠየቀ እንግዳ አልናቀም። ጋባዧም ጀበናውን ወደ መጣድ ትሄዳለች፣ ጭልፋውን ታስቀምጣለች። ቡናው ያለ ስኳር ወይም በአንድ ማንኪያ ይሁን። ፈንዲሻው አጠገባችሁ ከሆነ ወደ ሌላው አስጠጉት፤ እያወሩ የሚበላ ነገር አይቆጠርም።

ደረጃ 6፦ ትርፉን በዚያው ቀን ጨርሱ

መጨረስ ስል መብላት አይደለም። መስጠት ነው። የበዓል ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ሳምንት ሲሞቅ ይከርማል፤ አንዱ ነጻ ገበታ አምስት ገበታ ይሆናል። ለእንግዶች ቋጥሩላቸው፣ ለጎረቤት ላኩ። የሚቀረውን በአንድ ሰው ልክ እየከፋፈላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ኬክ ከሆነ አትከፋፍሉ፤ ሙሉውን ከቤት አስወጡ።

ደረጃ 7፦ ማግስቱ

ማግስቱ ተራ ቀን ነው። የዘወትር ቁርስ፣ የዘወትር ምሳ፣ የዘወትር እራት።

አትጹሙ (ሃይማኖታዊ ጾም ካልሆነ)። ጂም ገብታችሁ ሁለት ሰዓት ራሳችሁን አትቅጡ። የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ «ሆድ የሚያጸዳ» ሻይ አትጠጡ፤ እነዚህ ውሃ ያስወጣሉ እንጂ ስብ አያቀልጡም፣ አንጀትንም ይጎዳሉ። ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ አትክልት ጨምሩ።

ለሦስት ቀን ሚዛን ላይ አትውጡ። ምክንያቱ እነሆ። ጨውና ካርቦሃይድሬት ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል። ጡንቻና ጉበት ውስጥ በሚከማቸው በእያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (ሰውነት ለጉልበት የሚያስቀምጠው የስኳር ክምችት) ላይ ወደ 3 ግራም ውሃ አብሮ ይቀመጣል። አንጀት ውስጥ ያለው ምግብም ክብደት አለው። ስለዚህ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ቢጨምር አብዛኛው ስብ አይደለም። በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከፍላጎታችሁ በላይ 7,700 ካሎሪ መብላት ነበረባችሁ።

ደረጃ 8፦ ከአራት ሳምንት በኋላ ፍረዱ

ክብደታችሁን በሳምንት ሦስትና አራት ቀን፣ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሱ ለኩ። የሳምንቱን አማካይ ያዙ። አንዱን ሳምንት ከሌላው አማካይ ጋር አወዳድሩ፤ የአንድ ቀን ቁጥርን ተዉት። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ።

በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ ምንም አትቀይሩ። ትንሽም ቢሆን እየወረደ ከሆነና ካልከበዳችሁ ቀጥሉ። አራት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቀ ነጻ ገበታውን በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጉት፣ ዘይቱንና ስኳሩን እንደገና ቁጠሩ።

ጂም ውስጥ «ቺት ዴይ ሜታቦሊዝምን ይቀሰቅሳል፣ ሰውነት እንዳይለምደው ያደርጋል» ሲባል ትሰማላችሁ። ሜታቦሊዝም የሚሉት ሰውነት ካሎሪ የሚያቃጥልበትን ሂደት ነው። ብዙ ሲበላ ሰውነት የሚያቃጥለው መጠን ትንሽ መጨመሩ እውነት ነው። ጭማሪው ግን ከተበላው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነጻ ገበታ የሚጠቅመው ሰው ከቤተሰቡና ከወዳጁ ሳይነጠል ወራትን እንዲዘልቅ ስለሚያደርግ ነው። ለእኔ ይሄ በቂ ምክንያት ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

«ገበታው ሙሉ ቀን ሆነ።» ምሳ ላይ ጀምራችሁ እራትም ቀጠላችሁ። «ዛሬማ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እጀምራለሁ» አትበሉ። ሰኞን ሳትጠብቁ የሚቀጥለው ምግብ ላይ ወደ ዘወትር አበላላችሁ ተመለሱ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢሆንም። ግማሽ ቀን ያበላሸ ሰው 1,000 ካሎሪ ያልፋል፤ እስከ ሰኞ የጠበቀ ሰው ሦስት እጥፉን ያልፋል።

«ሳምንቱን ሙሉ ገበታውን ሳስብ እውላለሁ።» የዘወትር ምግባችሁ በጣም ጠብቧል ማለት ነው። የምትቀንሱትን ከ500 ወደ 300 አውርዱ፣ ፕሮቲን ጨምሩ፣ የምትወዱትን አንድ ነገር በትንሹ በሳምንቱ ውስጥ አስገቡ። ዝግ ብላችሁ ትቀንሳላችሁ፤ ግን ትዘልቃላችሁ።

«ሆዴ ተነፋ፣ ቃር ያዘኝ።» አትተኙ። ቀስ ብላችሁ ተንሸራሸሩ። ከመኝታ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለፍ። በየሳምንቱ ከሆነ የምትመርጡትን ቅባት ቀንሱ፣ ጨጓራችሁንም ሐኪም ጋ ታዩ።

«ቤት ውስጥ ሌላው እየበላ እኔ ብቻ ነኝ የምቀንሰው።» ምግብ የሚሠራውን ሰው አማክሩ። ወጡ ሲሠራ ቅቤው ከመግባቱ በፊት የእናንተ ድርሻ እንዲወጣ ጠይቁ። ሁለት ድስት አያስፈልግም፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል።

«በጥር ሦስት ሠርግ በአንድ ሳምንት መጣ።» ይህ ወር ክብደት የመቀነሻ ሳይሆን ያለውን የመጠበቂያ ወር ይሁን። አንዱን ሠርግ ነጻ አድርጉ። ሁለተኛው ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ብሉና ቡፌውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንሽ ሳህን ዙሩ። ሦስተኛው ላይ ከምሳው በኋላ ድረሱ፤ ስጦታችሁን ይዛችሁ፣ ለጭፈራው።